«ምን ተለወጠ?» ብሎ የጠየቀሽን ሥራ አስኪያጅ አትቀየሚው

የምክር ዓምድ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። በአንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ለዓመታት ሠርቼ ከለቀቅሁ በኋላ አሁን በግሌ ለድርጅቶች የቡድን ኮቺንግ (ቡድን አብሮ መሥራቱን እንዲያሻሽል የሚሰጥ ምክርና ድጋፍ) እሰጣለሁ። ደንበኞቼ ሁለት ሆቴሎች፣ አንድ የመንግሥት ቢሮና አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ናቸው። ሁለት የኦንላይን ሰርተፍኬቶች አሉኝ። አንዱ ቡድን በአራት ደረጃዎች ያድጋል ይላል፣ ሌላው የሰውን ጠባይ በቀለም ከፍሎ ይጀምራል። ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት። በቅርቡ ግን ውል ላድስ ስል የአስተላላፊ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ‹ከመጣሽ ወዲህ የተለወጠው ምንድን ነው?› አለኝ፤ መልስ አጣሁ። እዚያ ትራንዚተሮቹና (የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስጨርሱት ሠራተኞች) የመኪና ስምሪት ክፍሉ ሁልጊዜ እንደተጣሉ ናቸው። ትራንዚተሮቹ ባስጨረሱት ፋይል ልክ ኮሚሽን ያገኛሉ፤ የስምሪት ሠራተኞቹ ደመወዝ ብቻ ነው ያላቸው። የሙያ ጓደኞቼ ‹የፈረንጅ ጥናት እዚህ አይሠራም፣ በልምድሽ ሂጂ› ይሉኛል። እኔ ግን በማስረጃ ላይ የቆመ፣ የራሴ የምለው አቀራረብ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ሦስተኛ ሰርተፍኬትስ ልጨምር?»
ግራ የገባኝ፣ ከሳቢያን

እህቴ፣ የድሬ ሰው ነሽና «እርስዎ» ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

ሥራ አስኪያጁን አትቀየሚው። በከተማችን ሥልጠናና ምክር የሚገዙ አለቆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስንት ሰው እንደሚይዝና ሰርተፍኬት እንዳለው ነው። የበጀት መዝጊያ ሲደርስ ይህንንም አይጠይቁም። ሰውየሽ ግን ገንዘቡ ምን እንዳመጣለት ጠየቀ። መልስ ያጣሽው ሥራውን ስትጀምሪ ምን እንዲለወጥ እንደምትፈልጉ ሁለታችሁም ሳትነጋገሩ በመቅረታችሁ ይመስለኛል። ሳይወሰን የቀረ ነገር መድረስ አለመድረሱን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

በማስረጃ መሥራት ሲባል ብዙዎች ስላይድ ላይ የፈረንጅ ስም መደርደር ይመስላቸዋል። ሐሳቡ የመጣው ከሕክምና ነው። በ1990ዎቹ ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ ሲያስፋፉት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሐኪሙ የተሻለውን ጥናት ከራሱ የሙያ ልምድና ከታማሚው ፍላጎት ጋር አገናዝቦ እንዲወስን ነበር ያሉት። ወደ ድርጅት ሥራ ሲሻገር የድርጅቱ የራሱ መዝገብ ተጨመረበት። ስለዚህ አራት ምንጭ አለሽ፦ ጥናት፣ የድርጅቱ መዝገብ፣ የአንቺ ልምድ፣ ሥራው የሚነካቸው ሰዎች የሚሉት። ጓደኞችሽ ሦስቱን ጥለሽ በአንዱ ብቻ ሂጂ እያሉሽ ነው። ልምድሽ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ልምድ የሚያስታውሰው ደስ ብሏቸው የሄዱትን ነው፤ ዝም ብለው የወጡትን ይረሳል።

አሁን ለሙያሽ ወደማይመቸው ጥናት ልግባ። ሩት ዌጅማን የምትባል ተመራማሪ በዜሮክስ ኩባንያ ራሳቸውን በራሳቸው የሚመሩ 43 የደንበኞች አገልግሎት ቡድኖችን አጥንታ ውጤቱን በ2001 አሳትማለች። የጠየቀችው ቀላል ነገር ነው፦ ቡድንን ውጤታማ የሚያደርገው ከመነሻው የተዋቀረበት መንገድ ነው ወይስ አለቃው በየዕለቱ የሚሰጠው ኮቺንግ? አወቃቀሩ በብዙ እጥፍ ከብዶ ተገኘ። ግልጽ ዓላማ፣ በእውነት አንዱ ያለ ሌላው የማይጨርሰው ሥራ፣ ለቡድኑ በጋራ የሚሰጥ ሽልማት፣ የሚያስፈልገው መሣሪያና መረጃ፤ እነዚህ ያሏቸው ቡድኖች ጥሩ ኮቺንግ ሲያገኙ ይበልጥ ተሻሻሉ። እነዚህ የጎደሏቸው ደግሞ ከጥሩ ኮቺንግ ያገኙት ጥቂት ነው፤ መጥፎ ኮቺንግ ግን ከሌሎቹ ይልቅ እነሱን ጎዳ። እዚያ ኮች የነበሩት የቡድኖቹ የራሳቸው አለቆች እንጂ እንዳንቺ ከውጭ የሚመጡ ሰዎች አልነበሩም። ጥናት ስታነቢ እንዲህ ያለውን ልዩነት እየለየሽ አንብቢ። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ግን ነገሩ ይቀልላል ብዬ አላምንም፤ አለቃው ደመወዝና የሥራ ድርሻ መቀየር ይችላል፣ አንቺ አትችዪም።

ይህን ይዘሽ ወደ አስተላላፊ ድርጅቱ ተመለሺ። ትራንዚተሩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን (የዕቃ ማስታወቂያ ሰነዱን) ካስጨረሰ ኮሚሽኑ ተቆጥሮለታል፤ ዓይኑ ወደሚቀጥለው ፋይል ነው። መኪናው በሰዓቱ ቢመጣም ባይመጣም ከኪሱ የሚጎድል የለም። ስምሪት ክፍሉ መኪናውን አስቀድሞ ሲልክ ደረቅ ወደቡ በር ላይ ቆሞ ይውላል፤ ዘግይቶ ሲልክ ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን ያልፍና ቅጣት ይመጣል፤ በሁለቱም የሚወቀሰው ስምሪት ነው። እነዚህ ሰዎች የሚጣሉት አንዱ «ቀይ» ሌላው «ሰማያዊ» ስለሆኑ ይመስልሻል? የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው የሚያጣላቸው። ይህ ሳይነካ ሦስት ወር ኮቺንግ መስጠት ጎማው ለፈነዳ ባጃጅ የመንዳት ትምህርት እንደመስጠት ነው።

ስለዚህ የአቀራረብሽ የመጀመሪያ ምሰሶ ይህ ይሁን፦ ከሰዎቹ በፊት አወቃቀሩን ማየት። ሥራው ምንድን ነው? በእርግጥ የጋራ ነው? አባላቱ እነማን እንደሆኑ ሁሉም በአንድ ቃል ይነግሩሻል? (ጠይቂያቸው፤ ስንት ዓይነት መልስ እንደምታገኚ ስታዪ ትገረሚያለሽ።) ማን በምን ይከፈላል? ማን በምን ይወቀሳል? የዌጅማን የሥራ ባልደረባ የነበረው የሃርቫርዱ ሪቻርድ ሀክማን ኋላ ላይ ሲገምት፣ ከቡድን ውጤት 60 በመቶው ቡድኑ ከመሰብሰቡ በፊት በሚደረግ ዝግጅት፣ 30 በመቶው በአጀማመሩ፣ 10 በመቶው ብቻ በመሃል በሚሰጥ ኮቺንግ ይወሰናል ብሏል። ቁጥሮቹ ዕድሜውን ሙሉ ቡድን ያጠና ሰው ግምት ናቸው እንጂ በሚዛን የተለኩ አይደሉም፤ እንደ ግምት ያዣቸው። ቢሆንም በ10 በመቶው እየሠሩ ስለ 100 በመቶው ቃል የሚገቡ ብዙ ናቸው።

የመንግሥት ቢሮውን በአጭሩ ልለፈው። «ቡድን» የሚለው ስም በመዋቅር ሠንጠረዥ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ቡድን አይኮንም። ስምንት ባለሙያ በአንድ ክፍል ተቀምጠው እያንዳንዱ የየራሱን ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ከሆነ፣ የጋራቸው ነገር የቡድን መሪውና ማራገቢያው ነው። ለእነሱ የሚጠቅመው የየግል ድጋፍ ወይም የተሻለ የወረፋ አሠራር ሊሆን ይችላል። የቡድን ኮቺንግ ነው ብለሽ አታስከፍያቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በሰርተፍኬትሽ ውስጥ ያሉት አራት ደረጃዎች የብሩስ ተክማን ናቸው፤ በ1965 ያወጣቸው። ሰውየው 50 ያህል ጽሑፎችን አገላብጦ ነው የደረሰበት፤ አብዛኞቹ ግን የሥነ ልቦና ሕክምናና የሥልጠና ቡድኖችን የሚመለከቱ ነበሩ፤ ይህንንም ራሱ አልደበቀም። ቀነ ገደብ ተቆርጦለት ዕቃ የሚያደርስ ቡድን እዚያ ውስጥ ብዙም የለም። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ኮኒ ገርሲክ ስምንት ቡድኖችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስብሰባቸው ተከታትላ የተለየ ነገር አገኘች። ቡድኖቹ በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ አካሄድ ይይዙና በዚያው ይቆያሉ፤ ልክ የተሰጣቸው ጊዜ ሲጋመስ ግን ነቃ ብለው አካሄዳቸውን ይቀይራሉ። የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ቀናትም ይሁን ወራት፣ መለወጫው እኩሌታው ላይ ነበር።

ሀክማንና ዌጅማን በ2005 የቡድን ኮቺንግ ንድፈ ሐሳባቸውን ሲያቀርቡ ይህንን ተጠቅመውበታል። መጀመሪያ ላይ ሰዎችን ለሥራው ማነሳሳት፣ ሲጋመስ ስለ አሠራር ስልት ማማከር፣ ሲጠናቀቅ ከተሠራው እንዲማሩ ማገዝ። ለአንቺ የሚያስከትለው ተግባራዊ ነገር ቀላል አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ብሎ ውል መፈረም ለሒሳብ ሠራተኛው ይመቻል፤ ለቡድኑ ላይመች ይችላል። ሆቴሉ ለበዓል ሰሞን የሚዘጋጅበት ሁለት ወር ካለው፣ ያንቺ ሦስት ቀናት የመጀመሪያው ስብሰባ፣ አንደኛው ወር የሚያልቅበት ሳምንትና ከበዓሉ ማግስት ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ስልት ረጅም ክርክር አትክፈቺ፤ ገና ሥራውን ስላልቀመሱት የሚከራከሩት በባዶ ነው።

ስለ ቀለሙ ፈተና ሁለት ቃል። ሰውን በጥቂት ዓይነቶች የሚከፍሉ መጠይቆች አንድ የታወቀ ችግር አለባቸው፤ ያው ሰው ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲሞላ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። መሳቂያና ጨዋታ መክፈቻ ይሁንሽ። ማን ከማን ጋር ይሥራ የሚለውን ግን በዚህ የሚወስን ድርጅት ካለ አስቁሚው። ከዚህ የሚከፋም አለ። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ በ1996 ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ግብረ መልስ በአማካይ የሥራ ውጤትን እንደሚያሻሽል፣ ነገር ግን ከሦስት አንድ በላይ በሚሆነው ጊዜ ውጤቱን እንደሚቀንስ አገኙ። ትኩረቱ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ማንነት ሲዞር ጉዳቱ ይብሳል ይላሉ። ሰው ፊት «አንተ እኮ ቀይ ስለሆንክ ነው የምትቆጣው» ማለት ወዴት እንደሚያዞረው አንቺው ፍረጂ።

ጓደኞችሽ «እዚህ አይሠራም» ያሉት ላይ ልቆይ፤ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ግማሹን ግን ያለቦታው ተጠቅመውበታል።

ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በሆስፒታል የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ ጥሩ የሚባሉት የሥራ ክፍሎች ብዙ ስህተት ሲመዘገብባቸው አየች። ነገሩን ስትመረምር፣ እነዚያ ክፍሎች ስህተታቸውን ለመናገር የማይፈሩ ሆነው ተገኙ፤ በሌሎቹ ስህተቱ ይደበቅ ነበር። በ1999 ደግሞ በአንድ አምራች ኩባንያ 51 ቡድኖችን አጥንታ፣ ሰው ሳይፈራ መናገር በሚችልበት ቡድን ውስጥ መማር እንደሚበዛ አሳየች። ድሬ ላይ ይህን የሚያነብ እንግዳ አንድ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። እዚህ ጥበቃው ሥራ አስኪያጁን «አንተ» ይለዋል፣ ትከሻውን መታ አድርጎ ይቀልድበታል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አይቶ «እንዴት ያለ ነፃነት ነው!» ይላል። ያው ጥበቃ ግን መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ መጉደሉን ካየ ወር አልፎት ይሆናል። ተጫዋችነት ሌላ፣ መጥፎ ዜና ለአለቃ ማቅረብ ሌላ ነው። ስለዚህ ሳይፈሩ መናገርን የሚለካ መጠይቅ ከእንግሊዝኛ መልሰሽ ከማደልሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ «በቅርቡ እዚህ ቤት መጥፎ ዜና ቀድሞ የተናገረው ማን ነው? ከዚያስ ምን ደረሰበት?» የሚነግሩሽ ታሪክ ከማንኛውም የነጥብ ድምር ይበልጣል።

ሌላም አለ። ሥራ እንዳለቀ ቁጭ ብሎ «ምን አቅደን ነበር? ምን ሆነ? ለምን ተለያየ? በሚቀጥለው ምን እናድርግ?» ብሎ መነጋገር ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት ወደ ሌሎች የሥራ መስኮች የተስፋፋ ልማድ ነው። ስኮት ታነንባውምና ክሪስቶፈር ሴራሶሊ በ2013 የነበሩትን ጥናቶች አጠቃለው ሲመዝኑ፣ እንዲህ ያለ ውይይት ውጤታማነትን በአማካይ ከ20 እስከ 25 በመቶ ከፍ ያደርጋል ብለዋል። በዚህ ሙያ ውስጥ ይህን ያህል ርካሽና ይህን ያህል ድጋፍ ያለው መሣሪያ ጥቂት ነው።

እዚህ አገር ግን የሥራ ዘመኑን ያሳለፈ ሰው «ምን አጠፋን?» ተብሎ የሚከፈት ስብሰባ ወዴት እንደሚያመራ ያውቃል። በግምገማና በግለ ሂስ ያደገ ሠራተኛ ቀላሏን ጥፋት መርጦ ይናዘዛል፣ ትልቋን ይሸሽጋል። ሌላው ደግሞ ቂም ያለበትን ሰው ይገመግማል። አንድ ለአምስት፣ ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን የተባሉት የአሠራር ለውጥ ዘመቻዎች ሁሉ በእነዚህ ሰዎች ጆሮ አልፈዋል። «አሁን ደግሞ ኮቺንግ መጣ» እያሉ በዓይናቸው እንደሚነጋገሩ አንቺም አይተሻል። ከእነዚያ ዘመቻዎች ምን ቀረ ብለሽ ብትጠይቂያቸው ይነግሩሻል። አንዱ የካይዘን ሰሌዳው ብቻ ቀረ ይላል፣ ሌላው ደግሞ መሣሪያ ቦታ ቦታውን መያዙ እስከ ዛሬ ጠቅሞናል ይላል። ይህ የድርጅቱ የራሱ ማስረጃ ነው፤ በነፃ የሚገኝ።

እንግዲህ የውጭውን ጥናት መጣል ሳይሆን፣ እንዲሠራ ያደረጉት ሁኔታዎች እዚህ እንዲኖሩ ማድረግ ነው የአንቺ ድርሻ። ውይይቱ ስለ አንድ የተወሰነ ሥራ ይሁን፤ ስለዚያ ሳምንት ኮንቴይነር እንጂ ስለ ሰው ጠባይ አይሁን። ግማሽ ሰዓት አይለፍ። ደመወዝና ዕድገት የሚወስነው አለቃ መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ካልቻለ አይግባ። ስም ያለበት ቃለ ጉባኤ አይያዝ። ጠዋት አድርጊው፤ ከሰዓት በኋላ በድሬ ሙቀትና በበርጫ ሰዓት ስብሰባ መጥራት ከንቱ እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግሽም።

ቋንቋውንም አስቢበት። ጋሮልድ ስታሰርና ዊልያም ታይተስ በ1985 በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ እንዳሳዩት ቡድን ሲወያይ በአብዛኛው የሚያወራው ሁሉም አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነገር ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የያዘው መረጃ፣ ውሳኔውን የሚቀይር ቢሆን እንኳ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። አሜሪካኖቹ ተማሪዎች በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ ይህ ከሆነ፣ ስብሰባው በአማርኛ ብቻ ሲሆን ሐሳቡን በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያቀላጥፈው ሾፌር ምን ያህል እንደሚቀርበት ገምቺ። ደረቅ ወደቡ በር ላይ ወረፋው መቼ እንደሚበዛና መቼ እንደሚቀልል የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው። ከስብሰባው በፊት ለእያንዳንዱ «ሌላው የማያውቀው አንተ የምታውቀው ምን አለ?» ብለሽ በሚመቸው ቋንቋ ጠይቂው። ድሬ ውስጥ አስተርጓሚ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሦስቱንም ይችላል።

አሁን ወደ ሥራ አስኪያጁ ጥያቄ እንመለስ፤ ምን ተለወጠ?

ሠራተኞቹ በመጨረሻ የሚሞሉት የእርካታ ቅጽ መልስ አይሆንም። አበል ተከፍሎት፣ ምሳ ተጋብዞ፣ ከቢሮ ወጥቶ የዋለ ሰው ስንት ነጥብ እንዲሰጥሽ ትጠብቂያለሽ? አንድ ወይም ሁለት መለኪያ ይበቃል፤ ድርጅቱ ያለ አንቺም የሚመዘግበው ይሁን። ለአስተላላፊው፣ ፋይሉ ካለቀበት ሰዓት ኮንቴይነሩ እስከወጣበት ያለው ጊዜ። ለሆቴሉ፣ በተያዘ ክፍል ልክ የሚመጣ የእንግዳ ቅሬታ። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ያለፉትን ወራት መዝገብ ውሰጂ፤ ቢቻል ሙሉ ዓመት።

ወደ ኋላ ሄደሽ እንድታዪ የምወተውትሽ ለምን መሰለሽ? ድርጅት ኮች የሚጠራው ነገሩ በከፋበት ወር ነው። እጅግ ከከፋ ወር ቀጥሎ የሚመጣው ወር፣ ማንም ምንም ባያደርግ እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ ይሻላል። ፍራንሲስ ጋልተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር ያስተዋለው ይህንን ነው፤ የረጃጅሞቹ ልጆች ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ አማካዩ ይጠጋሉ። የቅሬታ ብዛትም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ተጠርተሽ በነሐሴ «ተሻሻለ» ብትዪ የተሻሻለው ሐምሌ ራሱ ልዩ ስለነበረ ይሆናል።

በሆቴል ሥራ ደግሞ የድሬ የራሱ ጣጣ አለ። በኅዳር ጀምረሽ በታኅሣሥ መጨረሻ የክፍል ሽያጭ ብትለኪ ወደ ሰማይ ሲወጣ ታያለሽ። ምስጋናው የቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ታኅሣሥ 19 የሚነግሠውን ታቦት ሊሳለም የሚመጣው ምእመን ድሬ ላይ ያድራል። ሐምሌ 19ም ያው ነው። ታኅሣሥን ከኅዳር ጋር አታወዳድሪ፤ ካለፈው ታኅሣሥ ጋር አወዳድሪ።

ሁለት ሆቴሎች ስላሉሽ ዕድለኛ ነሽ። አዲሱን አሠራር በሁለቱም በአንድ ጊዜ አትጀምሪ። አንዱን ዘንድሮ በመስከረም፣ ሌላውን በጥር ያዢ፤ በመካከል ያሉት ወራት የሁለተኛው መዝገብ ለመጀመሪያው ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሁለቱም ላይ እኩል ለውጥ ከታየ ያመጣው ገበያው ነው። (የአንዱን ቁጥር ለሌላው ባለቤት አታሳዪ፤ ከተማችን ትንሽ ናት።) በሁለት ሆቴል ሳይንስ አይጻፍም፤ ራስሽን እንዳታታልዪ ግን ይበቃል።

እነዚህን ሁሉ ይዘሽ አቀራረብሽን በአንድ ገጽ ጻፊው። በራስሽ ቋንቋ፣ ያለ ሥዕላዊ ፒራሚድ። እንዲህ ያለ ነገር ይሁን፦ «ስጠራ መጀመሪያ ሥራው የጋራ መሆኑንና አከፋፈሉን አያለሁ። ቡድን ካልሆነ ወይም ባለቤቱ አወቃቀሩን ለመንካት ካልፈቀደ አልቀጥልም። መጀመሪያ ላይ በዓላማ፣ ሲጋመስ በአሠራር፣ ሲያልቅ በትምህርት ላይ እሠራለሁ። በየሥራው ማግስት አጭር ውይይት አስለምዳለሁ፤ ራሳቸው መምራት ሲጀምሩ እወጣለሁ። የምለካው ይህንን ነው። ይህንን ያህል ጊዜ ቆይቼ ካልተንቀሳቀሰ አቆማለሁ።» ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ለምን እንደምታምኚው ጻፊ፦ ጥናት፣ መዝገብ፣ ልምድ ወይስ ሰዎቹ ያሉሽ። ልምድ ብቻ የተጻፈበት መስመር ካለ ነውር የለውም፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅሽ ነው ቁም ነገሩ።

ከዚያ አንድ ደብተር ያዢ። ከየስብሰባው በፊት ምን ይሆናል ብለሽ እንደምትጠብቂ ሁለት መስመር፣ ከስብሰባው በኋላ የሆነውን ሁለት መስመር። በዓመቱ መጨረሻ ስታነቢው የትኛው ግምትሽ ደጋግሞ እንደሚከሽፍ ታያለሽ። የራስሽ የምትዪው አቀራረብ ከዚያ ይወጣል፤ ከእኔ ዓምድ አይወጣም።

በደብዳቤሽ ያላነሣሽው ነገር አለ፤ ሳላነሣው አላልፍም። አለቃው ለቡና ጠርቶ «ለመሆኑ ማን ምን አለ?» ማለቱ አይቀርም። ምን እንደምትነግሪው፣ ምን እንደማትነግሪው ከመጀመሪያው በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሠራተኞቹም ይስሙት። አንድ ጊዜ ወሬ አቀባይ ከተባልሽ ከገንደ ቆሬ እስከ ለገሃሬ የሚያምንሽ አታገኚም።

«እንጀራዬስ?» ትዪኝ ይሆናል፤ እምቢ እያልኩ በምን ልኑር። መጀመሪያ የምትሸጪውን ለውጪው። የሦስት ወር ውል ከመፈረም በፊት አጭር የዳሰሳ ሥራ ሽጪ፦ መዝገብ ማየት፣ ሰዎችን ለየብቻ ማነጋገር፣ «ችግራችሁ ይህ ነው፣ ኮቺንግ ያስፈልገዋል ወይም አያስፈልገውም» የሚል ሁለት ገጽ። ይህ ሥራ ነው፤ ይከፈልበታል። «አያስፈልጋችሁም» ብለሽ የወጣሽበት ቤት ደግሞ ለሌላው ስለ አንቺ ያወራል። የጨዋታ ቀን የሚፈልግ ደንበኛ ቢመጣም አትመልሺው፤ ሰው አብሮ መሳቁ መልካም ነው። ሂሳቡ ሲጻፍ ግን «የመዝናኛ ቀን» ተብሎ ይጻፍ።

በዚህ ሳምንት ወደ ሥራ አስኪያጁ ሂጂና እስካሁን የተለወጠውን የሚያሳይ ልኬት እንደሌለሽ ንገሪው። የባለፈውን ዓመት የፋይልና የስምሪት መዝገብ፣ የቅጣት ክፍያ ደረሰኞቹንም ጠይቂው። ኮሚሽኑን ከፋይሉ ላይ አንሥቶ ኮንቴይነሩ በሰዓቱ በመውጣቱ ላይ፣ ለትራንዚተሮቹም ለስምሪቶቹም በጋራ ለማድረግ ፈቃደኛ መሆኑን ስሚው። ቀድሞ በሙከራ በአንድ ደንበኛ ዕቃ ላይ ብቻ ቢሞክረው ይቀለዋል። ከተስማማ የመጀመሪያ ስብሰባሽ ያ አከፋፈል የሚጀመርበት ቀን ይሁን። ካልተስማማ ውሉን አታድሺ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጪው።

ሦስተኛውን ሰርተፍኬት ለዘንድሮ ተዪው። ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን በ2020 የቡድን ኮቺንግ ብቃቶችን ዝርዝር አውጥቷል፤ አንብቢው፣ ጥሩ የሥራ ሥነ ምግባር አለበት። ግን ዝርዝሩ ባለሙያ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግርሻል እንጂ በአንቺ ደንበኛ ቤት ምን እንደተለወጠ አይነግርሽም። ለኮርሱ ያሰብሽውን ገንዘብ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ለሚያስተምር ሰው በሰዓት ክፈዪና የሁለቱን ሆቴሎች መዝገብ አብራችሁ እዩት።